ቁጭ ባልኩበት የጠፋሁበት ቀን

ሰው በማያውቀው አገር መንገድ ቢጠፋው አይፈረድበትም። እኔ ግን የጠፋሁት ቁጭ ባልኩበት ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጬ፣ የመንደሩ ሰው ከብቦኝ፣ የት እንዳለሁ የሚነግረኝን መሣሪያ በእጄ ይዤ። ይህን ሳወራ ከት ብለው የሚስቁብኝ ወዳጆች አሉኝ። ይሳቁ። እነሱ የሸዋ ሮቢትን ፀሐይ የሚያውቋት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ወደ ደሴ ሲያልፉ "ኡፍ፣ ሙቀቱ!" ይላሉ፤ ንፋስ እንዳይመታቸው ግን መስኮቱን አይከፍቱም።

እኔ ደገኛ ነኝ። ከጣርማ በር ወዲያ ማዶ፣ በጋም ክረምትም ጋቢ በሚለበስበት አገር ነው የተወለድኩት። ሥራ ሸዋ ሮቢት ሲመድቡኝ የተራራውን ዋሻ አልፌ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ጃኬቴን ደብረ ሲና ላይ አወለቅሁ፣ ሹራቤን ከዚያ ዝቅ ብዬ፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ የማወልቀው አልቆብኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ከጥላ ወደ ጥላ ሆነ። ሌላው ሰው ከተማውን በሱቅና በሆቴል ያውቀዋል፣ እኔ በዛፍ ነው የማውቀው። የትኛው ዛፍ በስንት ሰዓት ጥላውን ወዴት እንደሚጥል ብትጠይቁኝ ዛሬም አልሳሳትም።

ሥራዬ መሬት መለካት ነበር። ጊዜው ገበሬው ሁሉ የመሬት ደብተር የሚቀበልበት፣ ሠራተኛው ሁሉ ደግሞ ግምገማ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። ግምገማ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። ባጭሩ፣ ባልደረቦችህ ጉድለትህን በየተራ ሲዘረዝሩልህ ውለው፣ ማምሻው ላይ አንተ "ሂሴን ውጫለሁ" ብለህ የምትነሳበት ስብሰባ ነው። እኔ በዚያ ቤት ብዙ ሂስ ውጫለሁ። ጨጓራዬ የታመመው በበርበሬ አይደለም።

መሥሪያ ቤታችን፣ ስሙ ይቆየንና፣ አንዲት ጂፒኤስ ነበረችው። እጅ ውስጥ የምትገባ ቢጫ መሣሪያ ናት። ስትከፍቷት ሰማይ ላይ ያሉትን ሳተላይቶች ትፈልግና የቆማችሁበትን ቦታ በሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ትነግራችኋለች። አጠቃቀሟን ሊያስተምሩን ደብረ ብርሃን ወስደው ሦስት ቀን አሠልጥነውናል። አሠልጣኙ ደጋግሞ የነገረን አንድ ነገር ነበር። "ቆማችሁ ሳለ ቁጥሩ ይቀያየራል፤ አትደንግጡ። አንዴ አይታችሁ ግን አትመኑ። ሳትነቃነቁ ሠላሳ ጊዜ አንብቡ፤ አለቅጥ የራቀውን ጣሉ፤ የቀረውን ደምራችሁ ለብዛቱ አካፍሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው ለዚህ ነው።" እኔ አብዛኛውን ጊዜ የሻይ ዕረፍቱን ስጠብቅ ነበርና ደብተሬ ላይ የቀረው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ "ሠላሳ ጊዜ" እና "መነቃነቅ ክልክል ነው"። ምኑ ነው የማይነቃነቀው የሚለውን አልጻፍኩም።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ጠዋት እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ቢሮ መጡ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከከተማው በባጃጅ ግማሽ ሰዓት የሚርቅ ወንዝ ዳር መሬት ያላቸው ሴት ናቸው። ወንበር ብሰጣቸው ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጡ።

"ጎርፉ የወሰን ድንጋዬን በላው ልጄ" አሉ። "ድንበሩም ደለል ለብሶ ሜዳ ሆኗል። እንግዲህ ጉድጓዱ የእኔ ይሁን የጎረቤቴ የአጥናፉ፣ የሚያውቀው አላህ ነው።" ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ "አላህና የእናንተ መዝገብ።"

"ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?"

"ሟቹ ባሌና አጥናፉ በደቦ ነው የቆፈሩት። ያኔ ማን የኔ ነው፣ ያንተ ነው ይላል? ድንጋዩ ግን ከጉድጓዱ ወደ ወንዙ ጥቂት እርምጃ አልፎ ነበር። የእኔ መሬት ከጋራው ወገን፣ የእሱ ከወንዙ ወገን ነው፤ ጉድጓዱ በእኔ በኩል ነው።"

"ጋሽ አጥናፉስ ምን ይላሉ?"

"አላስታውስም ነው የሚለው።"

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የእትዬ ዘሃራ ማሾ፣ ያ አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዝናብ አጥቶ ከስሮባቸዋል። አሁን ተስፋቸውን ሁሉ ሽንኩርት ላይ ጥለዋል፤ ሽንኩርት ደግሞ ውሃ ካልጠጣ ሽንኩርት አይሆንም። "ጉድጓዱ ከሄደ" አሉኝ፣ "መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ካራቆሬ ልጄ ዘንድ መግባቴ ነው። ልጄ ጥሩ ናት፣ አማቼም ክፉ አይደለም። ግን የአማች ቤት ሦስት ቀን ነው የሚጣፍጠው።" ይህን ሲሉ አልተለማመጡኝም፣ አላለቀሱምም።

መዝገቡን ገለጥኩ። የወሰን ድንጋዩ ሁለት ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተጽፎለታል። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቀበሌውን የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። ደረቴ ተነፋ።

"እትዬ ዘሃራ፣ አያስቡ" አልኳቸው። "ድንጋይ በጎርፍ ይሄዳል፤ ቁጥር አይሄድም።"

ይህን አነጋገሬን ወድጄው ለባጃጁ ሹፌርም ደገምኩለት። እሱ ሒሳቡን ጠየቀኝ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ጎርፉ ሁሉን ሲያጥበው ጉድጓዱን አላንቀሳቀሰውም። ስለዚህ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሠላሳ ጊዜ አነብባለሁ፤ የጉድጓዱን ትክክለኛ ቁጥር አወጣለሁ፤ ከዚያ መዝገቡ ላይ ካለው የድንጋዩ ቁጥር ጋር አስተያይቼ በሜትር እለካለሁ። ሜትሩ ከጉድጓዱ ወደ ወንዙ ወገን ከሄደ ጉድጓዱ የእትዬ ዘሃራ ነው። ወደ ጋራው ወገን ከሄደ የጋሽ አጥናፉ ነው። ንባቡ በሁለት ደቂቃ አንዴ፣ ሠላሳ ንባብ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ለምሳ ከተማ እመለሳለሁ።

ስደርስ ጋሽ አጥናፉ ቀድመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው። ክርክር የሚያነሱ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ፓፓያ ቆርጠው አቀረቡልኝ።

"እኔ አልከራከርም" አሉ። "ጎርፉ ምልክቱን ሁሉ አጥፍቶታል፤ ሽማግሎቹም አንዱ እዚህ ነበር ይላል፣ አንዱ እዚያ። መሣሪያው ይናገር።"

መሣሪያዬን አውጥቼ ከፈትኩ። ሰው ተሰበሰበ። የመንደሩ ትልቅ ሰው ሼህ ሙሄ ከጎኔ ጎንበስ ብለው መስተዋቷን ያያሉ። ቁጥሩ ብቅ አለ። ወዲያው ተለወጠ። ደግሞ ተለወጠ።

"አንተ ቆመሃል" አሉኝ ሼህ ሙሄ።

"አዎ፣ ቆሜያለሁ።"

"እሱ ግን ይሄዳል።"

"ይሄዳል ሳይሆን... ሳተላይቶቹ ከሩቅ ናቸው። ምልክታቸው ሲመጣ ትንሽ ይዛባል። አሁን እዚህ ነህ ይለኛል፣ ቆይቶ እዚያ ማዶ ነህ ይለኛል። ብዙ ጊዜ ካየሁት ግን ስህተቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።"

ሼህ ሙሄ አሰቡ። "አንድ ምስክር ሠላሳ ጊዜ ብትጠይቀው ሠላሳ ምስክር ይሆናል?"

እውነት ለመናገር ይህን ጥያቄ ደብረ ብርሃን ማንም አላነሳውም። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ጉድጓዱ አፍ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አልኩና መሣሪያዋን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። አንደኛውን ንባብ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሥራው እንዲህ ቀላል ከሆነ ሥልጠናው ለምን ሦስት ቀን ፈጀ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ሦስተኛው ላይ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተመርኩዘው በእርሻው ዳር መጡ። እንግዲህ እኔ ምን ተብዬ ነው ያደግሁት? ትልቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አሳዳጊ የበደለው ነው። መሣሪያዬን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ።

"ኧረ በእግዜር! ተቀመጥ!" አሉ።

ደንቡ ይታወቃል። እሳቸው ተቀመጥ ይላሉ፤ ተቀመጥ ስለተባለ የሚቀመጥ ደግሞ ከመጀመሪያው ያልተነሳው ይሻላል። አራት እርምጃ ሄጄ ተቀበልኳቸው። እሳቸው ጤናዬን ጠየቁ፣ እኔ ጤናቸውን ጠየቅሁ። ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ጎርፉ ያደረሰውን ጉዳት አዳረስን። ስንጨርስ እንደገና ከጤና ጀመርን። በመሃል ሁለት ደቂቃው ሞላ። ሰዓት ይከበር ተብያለሁና እዚያው እጃቸውን እንደጨበጥኩ በሌላው እጄ ቁጥሩን አየሁት፤ ለቀቅ ሲያደርጉኝም ጻፍኩት።

ከዚያ ሁለት እናቶች መጡ። ከዚያ ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሎች ሦስት ሆነው መጡ፤ "አሰላሙ አለይኩም" ሲሉ ተነስቼ በተራ ጨበጥኳቸው፤ ሦስተኛው ጋ ለመድረስ ሽንኩርት መደቡን መሻገር ነበረብኝ። ከተማ ውስጥ ብሆን ይህን ያህል ሰው በሳምንት አላገኝም። ለካ ከመሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጧል የሚለው ወሬ ደርሷቸው፣ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ሆኖባቸው ነው። እኔም ሳልነሳ መቀበል ነውር ሆኖብኝ እነሳለሁ። አሥራ አራተኛው ንባብ ላይ ወረቀቴን አየሁት። የጻፍኩት ሁሉ ተደምሮ የሚናገረው ጉድጓዱ የት እንዳለ አይደለም። ማንን የት ድረስ ሄጄ እንደተቀበልኩ ነው።

ወረቀቱን ቀደድኩና ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ፀሐይዋ አሁን አናቴ ላይ ወጥታለች። እትዬ ዘሃራ ጃንጥላ አመጡና በላዬ ያዙልኝ። ጋሽ አጥናፉ ይህን ሲያዩ ተቆጡ፤ "ሴት ቆማ ጃንጥላ ስትይዝለት እኛ ቁጭ ብለን እናያለን? የመጣው ለእኛው ጉዳይ አይደለም እንዴ?" ጎረምሶቹን አዘዙ። አራት ግንድ ተተከለ። ላዩ በማሽላ አገዳ ተሸፈነ። አገዳው ቀዳዳ አለው ተባለና ጋሽ አጥናፉ ራሳቸው ሄደው የበረታቸውን ቆርቆሮ ነቅለው መጡ። ቆርቆሮው ከላይ ሲጋደም ደስ የሚል ጥላ ወረደብኝ። ላቤ ደረቀ። አገሩ አገሬ መሰለኝ።

መሣሪያዋን አየሁ። ዘጠኝ ሳተላይት ይታያት የነበረችው ሦስት ቀርቶላታል። ቁጥሩ ጉድጓዱን ወንዙ መሃል አስቀምጦታል።

ኃጢአቴን ልናዘዝ። ወዲያው አልተናገርኩም። አንድ ሦስት ንባብ ያህል ጥላውን ከነቆርቆሮው አጣጣምኩት። ከዚያ ግን እትዬ ዘሃራ ቁጥሩን ማንበብ ባይችሉም ፊቴን እያነበቡ መሆናቸውን አየሁ።

"ይቅርታ" አልኩ፣ "ሰማዩን ከለላችሁብኝ። ያለ ሰማይ አትሠራም።"

"ሰማይ የሚያስፈልገው ለዱዓ ብቻ ይመስለኝ ነበር" አሉ ሼህ ሙሄ። ጋሽ አጥናፉ ቅር እያላቸው ቆርቆሮውን አወረዱ። ሁለተኛው ወረቀትም ተቀደደ።

ሦስተኛውን ስጀምር አዋጅ አወጣሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ሰላም አይበለኝ፤ እኔም ለማንም አልነሳም። እትዬ ዘሃራ መንገዱ ላይ ቆመው የሚመጣውን ሁሉ "ሰላም እንዳትሉት፣ መነቃነቅ ተከልክሏል" እያሉ ይመልሱ ጀመር። አንባቢዬ፣ ሰው ሰላም አትበሉት ሲባል ምን ያስባል? ራቅ ብለው ቆመው አዩኝ። እኔ ደግሞ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ውጬ፣ ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኔን መስተዋቷ ላይ ተክያለሁ። "ወባ ነው" አለ አንዱ። "ደገኛ አይደል? መጀመሪያ እንዲህ አድርጎ ያደርቃል፣ በኋላ ነው የሚያንቀጠቅጥ።" ወሬው መንደሩን ዞሮ ሲመለስ እኔ በጠና ታምሜ ነበር። አንዲት እናት ነጭ ሽንኩርት ልጠው ካልዋጥክ ብለው ያዙኝ። አልነሳሁም፣ አልተናገርኩም፤ አፌን ብቻ ከፈትኩ። አጎረሱኝ። እንባዬ ወረደ። "ይኸው ያለቅሳል፣ ምስኪን!" አሉና ሁለተኛ አጎረሱኝ። የሚያጎርስን እጅ መመለስ ደግሞ አይቻልም፤ ስውጥ ተንቀሳቀስኩ፤ ስታነቅ ደግሞ ጭራሹን ዘለልኩ።

ሦስተኛውን ወረቀት ስቀድ እትዬ ዘሃራ ከመንገዱ ተመልሰው መጡ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "እንዳይነቃነቅ የተባለው መሣሪያው ነው ወይስ አንተ?"

መሣሪያዋን ከእጄ ወስደው ጉድጓዱ አፍ ላይ ካለው ድንጋይ አስቀመጧትና ሁለት ጠጠር ደገፍ አደረጉላት። "እንግዲህ እሷ ትቀመጥ፤ አንተ ከዛፉ ሥር ሆነህ በየሁለት ደቂቃው መጥተህ እያት" አሉኝ። የተማርኩት እኔ፣ የተሠለጠንኩት እኔ። ፊደል ያልቆጠሩት እሳቸው። ይህ ቃል በቃል በግምገማ ላይ ቢነሳብኝ ኖሮ ከዚያ ቤት የምወጣው በሸክም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። የመጣውን ሁሉ በነፃነት ተነስቼ ተቀበልኩ፤ መሣሪያዋ ለማንም አልተነሳችም። ቁጥሮቹ አሁን ተቀራርበው መጡ። ከፊት ያሉት አሃዞች ንቅንቅ አይሉም፤ የሚጨፍሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም እየቆዩ ልብ እየገዙ መጡ። ሠላሳ ሲሞሉ አለቅጥ የራቁትን ሁለቱን ጣልኩ፤ የቀሩትን በስልኬ ደመርኩ፣ አካፈልኩ፤ ላለመሳሳት ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ሁለቱም ጊዜ አንድ መልስ መጣ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከዚያ መዝገቡን ገልጬ የድንጋዩን ቁጥር አስተያየሁ። ልዩነቱ ሰባት ሜትር ነበር፤ ወደ ጋራው ወገን።

ማለት፣ ጉድጓዱ የጋሽ አጥናፉ ነው።

ሜትሩን አንድ ጎረምሳ ያዘልኝ። ከጉድጓዱ ወደ ጋራው፣ ወደ እትዬ ዘሃራ ሽንኩርት ውስጥ ገባን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን መደባቸውን እየረገጥን ሄድን። ሰባት ላይ ቆምን። እትዬ ዘሃራ አልጮሁም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና "አልሐምዱሊላህ" አሉ በቀስታ። "መሣሪያው ካለ ምን እላለሁ። ለካ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።" ከዚያ ወደ ጋሽ አጥናፉ ዞረው፣ "የያዝኩትን እስካነሳ ድረስ ውሃ አትከልክለኝ አደራ" አሏቸው።

ጋሽ አጥናፉ መሬት መሬት እያዩ "እንዴት ከለክልሻለሁ" አሉ። ድምፃቸው ከወትሮውም ዝቅ ብሎ ነበር።

ችካል ለመትከል ጎረምሳው ደለሉን በዶማ ጫር ጫር አደረገ። ዶማው ገና አንድ ክንድ ሳይወርድ ጠንካራ ነገር ነካ። ድንጋዩ ተገኘ ብለን ተሯሯጥን። ድንጋይ አልነበረም። ሥር ነው። ሥሩን ተከትሎ ሲቆፍር ወፍራም ጉቶ ብቅ አለ።

"ማንጎዬ!" አሉ እትዬ ዘሃራ። "ጎርፉ የሰበረው ማንጎዬ!"

"ድንበሩ ማንጎው ጋ ነበራ እንግዲህ" አለ አንድ ሰው። ሌላውም "ሊሆን ይችላል" አለ። ሁሉም በመሣሪያዬ ተደነቀ፤ ከምድር በታች የተቀበረ ጉቶ አገኘ ብለው።

እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ፤ ያሁኑ ላብ የፀሐይ አልነበረም። ማንጎው ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቀበሌውን ስመዘግብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስንት ማሳ ዞሬ ደክሞኝ እዚህ ደርሻለሁ። የወሰኑ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ነበር፤ ጥላው ደግሞ ማንጎው ሥር። ከጥላው ሳልወጣ፣ "ድንጋዩ እዚያ ነው" ሲሉኝ "አየሁት፣ አየሁት" ብዬ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ የመሣሪያዋን ቁልፍ አንዴ ተጫንኩና ጻፍኩት። የመዘገብኩት ድንጋዩን ሳይሆን ጥላውን ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደክሜ፣ ደምሬ፣ አካፍዬ ያገኘሁት ያን ቀን የተቀመጥኩበትን ጥላ ነው።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ይህን አሰብኩ፤ አልዋሽም። መዝገቡ ተፈርሟል፤ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ባለጉዳይዋ ራሳቸው እሺ ብለዋል። ብናገር ደግሞ የእኔ ፊርማ ያለባቸው የዚያ ቀን ማሳዎች ሁሉ ይነሳሉ፤ ግምገማው ላይ የምውጠው ሂስ በገንቦ ነው የሚቀርብልኝ። እትዬ ዘሃራ ጎንበስ ብለው የረገጥነውን የሽንኩርት ችግኝ አንድ በአንድ ያቃናሉ። የሚያቃኑት እንግዲህ የእሳቸው ያልሆነውን ነው።

"ስህተቱ የእኔ ነው" አልኩ። "ቁጥሩን የጻፍኩት ከድንጋዩ ላይ አይደለም። ከማንጎው ጥላ ሥር ሆኜ ነው። አንዴ ብቻ አይቼ። እትዬ ዘሃራ አልተሳሳቱም። ድንጋዩ የት እንደነበረ መዝገቡ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም።"

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሰው ጉድጓድ ነበር። አንድ የሚሰድበኝ ሰው ፈለግሁ። ማንም አልሰደበኝም። ሼህ ሙሄ ብቻ "ፀሐዩማ ከባድ ነው" አሉ፤ ከስድብ የባሰ እዝነት ነበር።

ያኔ ጋሽ አጥናፉ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እኔ አውቀዋለሁ" አሉ።

ሰው ሁሉ ዞረባቸው።

"ድንጋዩን ከጠዋት ጀምሬ አውቀዋለሁ። ከሟቹ ጋር ተሸክሜ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እረሳዋለሁ? አላስታውስም አልኩ እንጂ አልረሳሁም። መሣሪያው ይናገር አልኩ። ለእሷ ቢልም እሺ ነበር፤ ወደ እኔ ሲያደላ ግን ዝም አልኩ። ኃጢአቱ የመሣሪያው ይሁን ብዬ።" ወደ እኔ አዩ። "ይህ የሰው ልጅ እንጀራው ላይ ፈርዶ ሲናገር እኔ በዕድሜዬ ምን ይዤ ዝም እላለሁ?"

መልስ አልጠበቁም። ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ፤ ጀርባቸውን ለጋራው ሰጥተው ወደ ወንዙ ወገን አራት እርምጃ ቆጠሩ፤ አራተኛው ላይ በተረከዛቸው መሬቱን ጫሩት። ከዚያ ወንዙ ዳር ወርደው፣ ጎረምሶቹን "ተዉኝ" ብለው፣ ትልቅ ድንጋይ ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ። ደም ሥራቸው ተግተርትሮ ነበር። ድንጋዩን የጫሩት ቦታ ላይ ጣል አደረጉትና እያለከለኩ ቆሙ። ጉድጓዱ በእትዬ ዘሃራ በኩል ቀረ።

እትዬ ዘሃራ ቀረብ ብለው ድንጋዩን አዩ። ጉድጓዱን አዩ። ደግሞ ድንጋዩን አዩ። ይቅርታ የሚያደርጉላቸው ወይም የሚያለቅሱ መስሎኝ ጠበቅሁ።

"አብዝተህልኛል አጥናፉ" አሉ። "ግማሽ ክንድ ወደ እኔ መልሰው።"

"እዚህ ነበር ዘሃራ።"

"ወላሂ አልነበረም። የሰው አፈር ለልጄ አላበላም፤ መልሰው።"

"ተይ እንግዲህ፣ አታሳፍሪኝ!"

"አንተ ነህ የምታሳፍረኝ።"

ጠዋት ለመውሰድ ድምፅ ያላነሱት ሁለቱ፣ አሁን ለመስጠት ጮክ ብለው ተጣሉ። በመጨረሻ ጋሽ አጥናፉ ተሸነፉ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ገፉት፤ እትዬ ዘሃራ በእግራቸው ደገፉ። ግማሽ ክንድ ሄደ።

አዲሱን ቦታ ልመዘግብ መሣሪያዬን አምጥቼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳት። ስህተቴ ሦስት ሜትር ነው ትላለች። ሠላሳ ጊዜ አነበብኳት፣ ከዚያም ሌላ ሠላሳ። እትዬ ዘሃራ የመለሱትን ግማሽ ክንድ ግን ልታሳየኝ አልቻለችም።